ለካርቦን ክፍያ የሚበቃ የደን መዝገብ እንዴት ይያዛል?

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነው ተመርጠው ይሆናል፤ ወይም በወረዳው የአካባቢና ደን ጽሕፈት ቤት በረዳትነት ተቀጥረዋል። ጠባቂው ጫካውን ይዞራል፣ ባለሙያው ዛፍ ይለካል፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ይመራል። የእርስዎ ድርሻ ወረቀቱ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ «ደብዳቤ መጻፍ» ተብሎ ይናቃል። ደን በመጠበቅ ወደ አየር ሳይለቀቅ ለቀረ የካርቦን ጋዝ በሚከፍለው የልቀት ቅነሳ ፕሮግራም ውስጥ ግን ገንዘቡን የሚያመጣውም የሚያስቀረውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ አየር ያልተለቀቀ ጋዝ በሚዛን አይቀመጥም፤ ክፍያው የሚፈጸመው በስሌት ነው። ስሌቱን የሚመረምረው አረጋጋጭ ደግሞ ከሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ይመርጥና ወደ ኋላ ይከተለዋል፤ ከሪፖርቱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ መስክ ቅጹ፣ ከቅጹ ወደ ዛፉ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ፣ ዛፉ በቦታው ቆሞ እንኳ ቁጥሩ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

የካርቦን ክፍያ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በወላይታ ሑምቦ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው ደኑ እንዲያገግም በማድረጋቸው የካርቦን ክፍያ አግኝተዋል። በኦሮሚያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የልቀት ቅነሳ ግዢ ስምምነት ተፈርሟል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ የሚከፈለው ተለክቶ ለተረጋገጠው ያህል ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ የሚሠራ ማኅበርም ለዚህ ዓይነት ፕሮግራም ከተዘጋጀ የሚጠበቅበት መዝገብ ያው ነው። ደረጃዎቹ እነሆ።

1. የትኛው መሬት በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ይለዩ

ኢትዮጵያ ደን የምትለው ቢያንስ 0.5 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝሙ ወይም ወደዚያ ቁመት መድረስ የሚችሉ፣ የቅርንጫፍ ሽፋኑም ቢያንስ 20 በመቶ የሆነ መሬት ነው። ይህን በመዝገብዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ በየስብሰባው ያስፈልግዎታል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በመንዝ ጌራ ምድር የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚበዛው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩትም በእሱ ውስጥ ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ በደን ዓምድ ግን አይገባም። አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ግን ቁመቱና ሽፋኑ መስፈርቱን ካሟላ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ጥብቅ ቦታ» ብለው አንድ ድምር አይጻፉ። ሣሩን፣ አስታውን፣ የተፈጥሮ ደኑን፣ የተተከለውንና የግለሰብ ባሕር ዛፉን በየዓምዳቸው ይለዩ። ሁሉም በአንድነት ተደምሮ የተላከ ሪፖርት ሲመረመር ሙሉ በሙሉ ይጠረጠራል።

ወሰኑን በተመለከተ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስፋትን በጥማድ አይመዝግቡ፤ ጥማድ እንደ በሬው፣ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ይለያያል። ሽማግሌዎች በጥማድ ከነገሩዎት ቃላቸውን በማስታወሻ ያኑሩ፣ ሄክታሩን ግን በጂፒኤስ ዞረው ያግኙ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በደብሊውጂኤስ 84 የመጋጠሚያ ሥርዓት መስተካከሉን፣ ዞኑም 37 ሰሜን መሆኑን አይተው በቅጹ አናት ላይ ይጻፉ። ቆየት ያሉት የአገራችን የመሬት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ወሰንዎ ከ100 ሜትር በላይ ተንሸራቶ የጎረቤት ቀበሌ እርሻ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ የሚመጣው ጠብ ከካርታ ስህተት መጀመሩን የሚያስታውስ አይኖርም። ሦስተኛ፣ ወሰኑ ሲዞር ተጎራባቾቹ አብረው ይዙሩ፣ በዚያው ቀንም ይፈርሙ።

2. ቀንና ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን በአገራችን የመስክ መዝገብ ላይ ከዚህ የበለጠ ጥፋት የሚያደርስ ነገር የለም። ጠባቂው የሚጽፈው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ጂፒኤሱና የስልኩ ፎቶግራፍ የሚይዙት በፈረንጆቹ ነው። «5/4/2017» የሚል ጽሑፍ ለእኛ ታኅሣሥ 5 ሲሆን ለውጭው አረጋጋጭ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት የሆነ ነገር ነው። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ማስፈር ነው፤ «ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም./ ዲሴምበር 14 ቀን 2024» እንደ ማለት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣ ፎቶ በመሣሪያው ላይ 8 ሰዓት ይላል። ይባስ ብሎ፣ ጠባቂው «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት እሳት አየሁ» ሲል በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማክሰኞ ከገባ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ከሳተላይት የሚገኘው የእሳት መረጃ ማክሰኞ ብሎ ሲመጣና የእርስዎ መዝገብ ሰኞ ሲል፣ ሁለት እሳት የተነሣ ይመስላል። ስለዚህ በቅጹ ላይ «በአገር ሰዓት» እና «በመሣሪያው ሰዓት» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ያሰምሩ።

የሪፖርት ዘመኑንም አስቀድመው ይወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ሩብ ዓመቶቹም መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30፣ መጋቢት 30 እና ሰኔ 30 ይዘጋሉ። የካርቦን ልኬት ግን ብዙውን ጊዜ ጃንዩወሪ 1 ላይ ይጀምራል፤ ይህም ታኅሣሥ 23 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከነበረች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። ሁለቱን ዘመኖች የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሠርተው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

3. መዝገቦቹን ይክፈቱ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ጠንካራ ልባስ ያላቸው መዝገቦች፣ ቦክስ ፋይሎች፣ መብሻ፣ የቀን ማህተምና ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ወይም ቁም ሣጥን። የእንጨት መደርደሪያ አይጥ ይደፍረዋል፤ የደጋው ክረምት እርጥበትም በግድግዳ በኩል ገብቶ ወረቀት ያሻግታል። ከግድግዳና ከወለል ያርቁት።

የደብዳቤ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የጥበቃ ዙረት መዝገብ፣ የገንዘብና የንብረት መዝገብ፣ የቅሬታ መዝገብ ለየብቻቸው ይሁኑ። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ይስጡት፤ በመጨረሻው ገጽ ላይም «ይህ መዝገብ ይህን ያህል ገጽ አለው» ተብሎ በሊቀ መንበሩ ይፈረምበት፣ ማህተም ይደረግበት። ገጽ ሲቀደድ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። የወጣ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን፣ የፋይል ቅጂም ይኑረው። በቃል የተሰጠ መመሪያ ካለ በዚያው ቀን «በስልክ በተነገረን መሠረት» ብለው አጭር ደብዳቤ ጽፈው ይላኩ።

4. ቃለ ጉባኤው ፈቃድን ያሳይ

የደን አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1065/2010፣ ለማኅበረሰብ ደን ዕውቅና ይሰጣል። ማኅበርዎ በኅብረት ሥራ ከተደራጀ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይተዳደራል፤ መተዳደሪያ ደንብና ጠቅላላ ጉባኤም ይኖረዋል። የልቀት ቅነሳ ፕሮግራም ግን ከዚህ አልፎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ሳይገደድ፣ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ነገሩን አውቆ ተስማምቷል ወይ? ማስረጃው የእርስዎ ቃለ ጉባኤ ነው።

የተለመደው ስህተት የውሎ አበል መክፈያ ቅጽ ላይ ያለውን ፊርማ እንደ ስምምነት ፊርማ ማያያዝ ነው። ያ ፊርማ የሚያሳየው ሰውየው ገንዘብ መቀበሉን ብቻ ነው። ሁለቱን ለይተው በሁለት ወረቀት ያስፈርሙ። የስምምነቱ ወረቀት አናት ላይም ሰዎቹ በምን እንደተስማሙ በቀላል አማርኛ ይጻፍ፤ የትኛው ቦታ ይከለላል? ለምን ያህል ጊዜ? ሣር የሚታጨደው መቼ ነው? ማገዶ ከየት ይገኛል? ገንዘብ ቢመጣ እንዴት ይከፋፈላል? ባይመጣስ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አይዝለሏት። ክፍያ እርግጠኛ ሳይሆን «ዶላር ይመጣል» ተብሎ የተሰበሰበ ፊርማ በኋላ ደኑን የሚያስቆርጥ ቁጣ ይወልዳል።

ማን እንደተናገረና ምን እንዳለ ይመዝግቡ፤ በተለይ የተቃወሙትን። «ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ» የሚል ቃለ ጉባኤ ብቻ የተሞላ መዝገብ አረጋጋጭን አያሳምንም፤ ሰውም እውነት አይመስለውም። አንዲት እናት ኩበት ለማገዶ ስለዋለ እርሻው ማዳበሪያ አጥቷል፣ ጫካው ደግሞ ከተከለለ በምን ልንጋግር ነው ብላ ከጠየቀች፣ ጥያቄዋም የተሰጣት መልስም ይጻፍ። ሴቶች፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ከብት ብቻ ያላቸው ሰዎች ስንት እንደተገኙ ለይተው ይቁጠሩ። መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ሲፈርም፣ ያነበበለት ሰው ስሙን ጽፎ ከጎኑ ይፈርም። በመጨረሻም ባዶ የቀረውን ቦታ በመስመር ይዝጉት፤ ከስብሰባ በኋላ ውሳኔ የሚጨመረው በዚያ ክፍተት ነው።

ስብሰባውን ሰንበቴ፣ እድር ወይም የበዓል ቀን በሚውልበት ዕለት አይጥሩ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማስነገር ግን በጣም ይረዳል፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳስነገረ ይመዝግቡት።

5. የመስክ ቡድኑን አሰናድተው ይላኩ

ባለሙያው መለካት ያውቃል ብለው አይተዉት፤ መስክ ላይ አንድ ዕቃ ከጎደለ ቀኑ ይባክናል። ሜትር፣ ምልክት የተደረገበት ገመድ፣ የተዳፋት መለኪያ፣ ጂፒኤስ፣ ትርፍ ባትሪ፣ የዛፍ መለያ ቀለም፣ የታተሙ ቅጾች፣ የፕላስቲክ ከረጢትና እርሳስ ይዘው መሄዳቸውን ከመነሻው ዕለት በፊት ይቁጠሩ። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፤ በብርድም አይጽፍም። የጓሳና የግሼ ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚጨርስ ትርፉ በኪስ ውስጥ፣ ከሰውነት ጋር ይያዝ። ወቅቱን በተመለከተ ደጋው ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል። ወደ ጀማ ሸለቆ ለሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ግን ቡድኑ በማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት እንዲጨርስ ያቅዱ።

በቅጹ ላይ ሊያዩት የሚገባዎት ነገር ይህ ነው። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ተዳፋት ላይ ለቆመ ዛፍ ከፍታው የሚቆጠረው ከላይኛው ጎን ነው። ብዙ ቡድኖች በሜትር የሚለኩት ዙሪያውን ነው፤ ስሌቱ የሚፈልገው ግን ዲያሜትሩን ነው። ዙሪያው 120 ሴንቲሜትር የሆነ ጽድ ዲያሜትሩ 38.2 ሴንቲሜትር ነው። 120ው በዲያሜትር ዓምድ ከተጻፈ የግንዱ የቁርጥ ስፋት ወደ 10 እጥፍ ያብጣል፤ የካርቦኑ ቁጥርም ከእሱ ጋር። ቅጹን ሲያሳትሙ «ዙሪያ» እና «ዲያሜትር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያድርጉ፤ በመስክ የሚሞላው የተለካው ብቻ ይሁን፣ ሌላውን በቢሮ ያስሉት።

የመንዝ መሬት ገደልና ተረተር የበዛበት ስለሆነ ተዳፋቱም ይጻፍ። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መሬቱን ተከትሎ የተዘረጋ 20 ሜትር ገመድ በካርታ ላይ 17.3 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ዛፎች የሚለኩበት የናሙና ቦታ ሁሉ ከእውነቱ ሰፍቶ ይመዘገባል። የተዳፋት ሣጥኑ ባዶ ሆኖ የመጣ ቅጽ አይረከቡ፤ ሜዳ ከሆነ «0» ይጻፉበት።

የዛፍ ስም በአገሬው አጠራር ይጻፍ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ አስታ። አንድ ስም በመንዝና በመርሐቤቴ ለተለያየ ዛፍ ሊሰጥ ስለሚችል ቀበሌው አብሮ ይጻፍ፤ የሚያጠራጥር ከሆነም ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ በጋዜጣ መካከል ተጠፍጥፎ ይምጣ። «ሌላ» ብሎ ማለፍ አይፈቀድ።

ቡድኑ ሲመለስ ቅጾቹን ቆጥረው ይረከቡ፤ ሰጪም ተቀባይም ይፈርሙ።

6. ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ፣ ዋናውን ግን አይንኩ

የመስክ ቅጽ ቅዱስ ነው። በእጅ አይገለበጥም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፣ «ንጹሕ ቅጂ» ተብሎ እንደገና አይጻፍም። ስህተት ከተገኘ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክሉ ከጎኑ ተጽፎ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀኑንም ያስቀምጣል። ጭቃ የነካው ቅጽ ተጥሎ በሚያምር እጅ የተጻፈ ቅጂ የቀረበበት ፋይል አረጋጋጩ ፊት ዋጋ የለውም፤ በጣም ንጹሕ የሆነ የመስክ ወረቀት ያስጠረጥራል።

መረጃውን አንድ ሰው ያስገባ፣ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። ኤክሴል የገባውን ቀን በራሱ እንደ ፈረንጆቹ ቀን ስለሚቆጥረው የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ ዓይነት በተለየ ዓምድ ያስገቡ። ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» እያሉ አይሰይሙት፤ ቀበሌ፣ የናሙና ቁጥርና ቀን ይበቃል።

ስሌቱን መሥራት የባለሙያው ፈንታ ነው፤ መከታተል ግን ይችላሉ። አንድ ቶን ደረቅ እንጨት በ0.47 ሲባዛ ካርቦኑን፣ ካርቦኑ በ44 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን ይሰጣል፤ ወደ 1.72 ቶን ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ ያለው ድምር በዚህ ስሌት ከሚገኘው ጋር በጣም ከተራራቀ ከመላኩ በፊት ይጠይቁ።

መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ ቅጂ የግድ ነው። አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በፍላሽ በሌላ ሰው ዘንድ፣ አንዱ በደብረ ብርሃን በዞኑ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝና ግሼ ዘልቆ ነበር፤ በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን እንደሚያሰጋው ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ርካሹ መድን ነው።

7. ገንዘቡንና ንብረቱን ይከታተሉ

ለጠባቂዎች የተገዛ ጫማ፣ ካፖርትና የእጅ ባትሪ በገቢ ተመዝግቦ በወጪ ይሰጥ። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ካሉ ገቢው በሞዴል 19፣ ጥያቄው በሞዴል 20፣ ወጪው በሞዴል 22 ይሁን፤ በማኅበር ካሉም ያንኑ መንገድ በራስዎ ቅጽ ይከተሉ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ለምሳሌ የአህያ ወይም የበቅሎ ኪራይ፣ በወጪ ማዘዣ ላይ ተከፋዩ ፈርሞ፣ ሁለት ምስክር ታክሎበት ይያዝ። ከገበያ የተገኘ ባዶ ደረሰኝ በራስዎ እጅ አይሙሉ፤ ለምንም ቢሆን።

ክፍያ የመጣ ዕለት ትልቁ ፈተና የተጠቃሚዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በአባወራ ስም ብቻ ከተሠራ ባል የሞተባት፣ የተፋታች ወይም ባሏ ለሥራ አዲስ አበባ የሄደ ሴት ከዝርዝሩ ትቀራለች። ዝርዝሩ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በስብሰባም በንባብ ይሰማ። ዝምድና የሚታይበት ስም ካለ በዚያ ቀን ይነሣል።

8. ቅሬታንና የጥበቃ ዙረትን በጥንቃቄ ይያዙ

ቅሬታ የሌለበት የቅሬታ መዝገብ ሰው እንደፈራ ያሳያል እንጂ ሁሉም ደኅና መሆኑን አያሳይም። የቀረበውን ሁሉ ተቀብለው ቁጥር ይስጡት፤ መልሱንና ቀኑን ይጻፉ። ስሙን መግለጽ የማይፈልግን ሰው አያስገድዱ።

ከጥበቃ መዝገብ ላይ ዛፍ ቆርጦ የተያዘ ሰው ስምና ጥቆማ የሰጠው ሰው ስም ለውጭ አካል በሚላከው ሪፖርት አይካተቱ፤ ቁጥር ብቻ ይላኩ። ጠቋሚው ከቆራጩ ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጣ ጎረቤት ነው። «ዛሬ ምንም የለም» ተብሎ የተመዘገበ ዙረትም ማስረጃ ነውና አይዝለሉት። በጥብቁ ቦታ መቁረጥ ቆሞ በጎረቤት ቀበሌ ከጨመረም ይመዝገብ፤ የልቀት ስሌቱ ይህን ይጠይቃል፣ ሲደበቅም ሳተላይቱ ያሳያል።

9. ሲለቁ ያስረክቡ

ጸሐፊ በምርጫ ይቀየራል፣ ረዳት ይዛወራል፤ የካርቦን ፕሮግራም ግን ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እርስዎ በያዙት መዝገብ ላይ ጥያቄ የሚነሣው እርስዎ በሌሉበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመዝገቦቹን ስም፣ የገጻቸውን ብዛት፣ የጎደለውን ነገር፣ የፋይሎቹን ቦታና የይለፍ ቃሉን ዘርዝረው፣ ከተተኪዎ ጋር አንድ በአንድ ቆጥረው በሦስት ቅጂ ይፈራረሙ። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለተተኪዎ፣ አንዱ ለፋይል ይቀመጥ። ርክክቡ እስኪፈረም ድረስ መዝገቡ በእርስዎ ኃላፊነት ሥር ነው።